ሌባው የሚመርጠውን ቦታ የምንሠራው እኛ ነን

አንድ ሰው ስልኩን ወይም ቦርሳውን ተነጠቀ ሲባል ጥያቄያችን ያው ነው። ሌባው ተያዘ ወይ? ፖሊስ የት ሄዶ ነው? ይባስ ብለንም ተዘራፊውን «በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ብለን እናፋጥጠዋለን። ስለ ቦታው የሚጠይቅ ግን የለም። የመንገዱ ግራና ቀኝ ምን ነበር? መብራት ነበረው? ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት ወይም እስከ ምሽት የሚቆይ ሱቅ ነበር? ቀማኛው ከነጠቀ በኋላ በየት በኩል ተሰወረ?

ዝርፊያ በከተማ ላይ እንደ ዝናብ እኩል አይወርድም፤ አንድ ቦታ ላይ ይደጋገማል። የየትኛውም ሰፈር ነዋሪ እህቱን «እዚያ ቆርቆሮ አጥር ጋ ስትደርሺ ስልክሽን እንዳታወጪ» ብሎ ያስጠነቅቃታል። ሃምሳ ሜትር አለፍ ብሎ ስላለው መንገድ ግን አይሰጋም። ሰዓቱ ያው ነው፤ መንገደኛውም ያው፤ ፖሊስ ጣቢያውም ያው። የሚለየው ቦታው ብቻ ነው። ያንን ቦታ ደግሞ አንድ ባለሙያ ነድፎታል፣ አንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም አድርጎበታል፣ አንድ ተቋራጭ ሠርቶታል። በሌላ መልክ ሊሠራም ይችል ነበር።

ይህን አሁን የማነሳው አዲስ አበባ ከዚህ በፊት ባልታየ ፍጥነት እየፈረሰችና እየተሠራች ስለሆነ ነው። ዛሬ በኮንክሪት የሚቆም ስህተት ለአርባና ለሃምሳ ዓመት አብሮን ይኖራል፤ ልጆቻችንም በዚያው ጨለማ መታጠፊያ እየሮጡ ያልፋሉ።

መጀመሪያ ግን በሰፈሮቻችን ውስጥ የጥበቃውን ሥራ በትክክል የሚሠራው ማን እንደሆነ እንይ። ከታክሲ መውረጃው ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚያስገባው የኮብልስቶን መታጠፊያ ላይ የምትቀመጥ ጉልት ቸርቻሪ በየሰፈሩ አለች። ማዳበሪያ ዘርግታ ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በመደብ በመደብ ታስቀምጣለች። ከጎኗ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አለች፤ ከፊት ለፊቷ ሊስትሮው ሳጥኑን ይዞ ተቀምጧል። ቸርቻሪዋ ከሥራ የሚገባውን ሰው ሁሉ በመልክ ታውቃለች፤ ለሚታመነውም በዱቤ ትሰጣለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ነርስ በዚህ ሳምንት የሌሊት ተረኛ መሆኗን፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ታውቃለች። ሰፈሩ የማያውቀው ጎረምሳ ሁለቴ ሦስቴ ሲመላለስ ካየች «ማንን ፈልገህ ነው ልጄ?» ትለዋለች። ደመወዝ የሚከፍላት የለም። ሆኖም እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ያንን መታጠፊያ የሚያይ ዓይን አለ። ደንብ አስከባሪ መጥቶ ማዳበሪያዋን ሲያስነሳ አንድ ሕገወጥ ነጋዴ ያስነሳ ይመስለዋል። የሰፈሩን ጥበቃ አብሮ አስነስቷል። በማታው ክፍለ ጊዜ የምትማረው ልጅም ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ታክሲ መውረጃ ድረስ ወጥታ ካልተቀበለቻት በዚያ በኩል አታልፍም።

ይህንን የከተማ አጥኚዎች ካወቁት ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗል። የመንገድን ሰላም በዋናነት የሚጠብቁት እዚያ የሚኖሩ፣ የሚነግዱና የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው። ፖሊስ የሚደርሰው ከእነሱ ቀጥሎ ነው። የነዳፊውና የፕላን ባለሙያው ድርሻም እነዚህ ሰዎች ውጭ የሚቆዩበት ምክንያትና መንገዱን የሚያዩበት መስኮት እንዲኖራቸው ማድረግ ነው።

የቀበሌ ቤቶቹ ግቢዎች ይህ ነገር በራሳቸው መንገድ ነበራቸው። በካዛንቺስ፣ በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በጨርቆስ፣ ብዙ አባወራ አንድ ግቢ ይጋራል፤ የሁሉም በር ወደ ግቢው ይከፈታል፤ በረንዳ ላይ ቡና ይፈላል፣ እህል ይበጠራል፣ ልብስ ይሰጣል። የውጭ ሰው ብቅ ሲል ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ «ማንን ልበል?» ይለዋል። የድሮውን ሰፈር ገነት አድርጌ መሳል ግን አልፈልግም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ይገነፍላል፤ ከግቢው ውጭ ያለው ጉራንጉር ደግሞ መብራት የማያውቀው፣ ማጅራት መቺ የሚያደፍጥበት ነበር። እነዚያ ቤቶች መለወጥ ነበረባቸው። የሚቆጨኝ ቤቱን ስንቀይር የግቢውን ዓይንም አብረን ማፍረሳችን ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሚኪሊላንድ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ እያልን ብንቆጥር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባቸው ከተሞች ናቸው። ብዙው ብሎክ ጂ ፕላስ አራት ነው። ቁመቱ ለደኅንነት የተመቸ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ያለች እናት ሜዳ ላይ የሚጫወተውን ልጇን ስሙን ጠርታ ማስገባት ትችላለች፤ ሃያ ፎቅ ላይ ብትሆን አትችልም። ችግሩ የሚጀምረው ከቤታችን በር ውጭ ነው። ከደረጃው አንስቶ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቦታ ሁሉ የሁላችንም ነው ተብሎ የማንም ሳይሆን ቀርቷል።

የደረጃውን መብራት ልውሰድ። እኔ በምኖርበት ብሎክ የደረጃው አምፖል ተቃጠለ። ይተካ ሲባል ጭቅጭቅ ተነሳ። የደረጃው መብራት የሚቆጥረው በጋራ ቆጣሪ ነው፤ የጋራ ቆጣሪው ሂሳብ የሚከፈለው ከየቤቱ በሚዋጣ ገንዘብ ነው። ተከራዩ «ባለቤቱ ይክፈል» ይላል፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ምድር ቤት ያለው ሰው «እኔ ደረጃ አልወጣም» ይላል። አንዱ ጎረቤት ከኪሱ ገዝቶ ቢሰቅል በሳምንቱ ተፈትቶ ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም በስልኩ እያበራ መውጣት ለመደ። አንድ እጁ ስልክ፣ ሌላው እጁ ፌስታል የያዘ ሰው፣ ግራና ቀኙ ድፍን ግድግዳ በሆነ ጨለማ ደረጃ ላይ። ቀማኛ ከዚህ የተመቸ ነገር ከየት ያገኛል? ብዙም ሳይቆይ አንዲት ጎረቤታችን ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ስልኳን ተነጥቃ ተገፍትራ ወደቀች። ጩኸቷን የሰማነው ሁላችንም ነን፤ ያየ ግን አንድም ሰው የለም፤ ደረጃው ከየትኛውም መስኮት አይታይምና።

ይህ የሰው ክፋት ብቻ አይደለም። የደረጃው ግድግዳ ድፍን ከሚሆን አየርና ብርሃን በሚያሳልፍ ብሎኬት ወይም በብረት ፍርግርግ ቢሠራ ኖሮ ደረጃው ከሜዳውም ከማዶው ብሎክም ይታያል። አምፖሉ ከመጀመሪያው በሽቦ መከለያ ውስጥ ተቆልፎ ቢገጠም አይሰረቅም ነበር። አንድ ደረጃ የሚጋሩት ቤቶች ጥቂት ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ጭቅጭቁ ራሱ ባልተነሳ።

የቤቶቹ ቁጥር ጉዳይ ቀላል እንዳይመስል። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ በሚባለው ከተማ ፕሩት አይጎ የሚባል የመንግሥት መኖሪያ ነበር፤ 33 ባለ 11 ፎቅ ሕንፃዎች፣ ከ2,700 በላይ ቤቶች። የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ በኋላ የኒውዮርኩን የዓለም ንግድ ማዕከል መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ1972 በፈንጂ መፍረስ ጀመረ። ኦስካር ኒውማን የተባለው አርክቴክት በዚያው ከተማ ያስተምር ስለነበር ውድቀቱን በቅርብ አይቶታል። እንደ ጻፈው ከሆነ ሁለት ቤተሰብ ብቻ የሚጋራው የደረጃ መውጫ ንጹሕና የተጠበቀ ነበር። ሃያ ቤተሰብ የሚጋራው ኮሪደር ግን ተሰባብሮ ቆሻሻ ሞልቶታል፤ 150 ቤተሰብ የሚጋራው የምድር ቤት መግቢያ ደግሞ ማንም የማያዝበት ሆኗል። ነዋሪዎቹ አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከመንገዱ ማዶ ካር ስኩዌር ቪሌጅ የሚባል ዝቅ ያሉ ቤቶች ሰፈር ነበር፤ ነዋሪዎቹ በኑሮም በገቢም ከፕሩት አይጎዎቹ አይለዩም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ መዓት ሲወርድ እነሱ በሰላም ይኖሩ ነበር።

ለፕሩት አይጎ መውደቅ ዲዛይኑን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግን ፍትሐዊ አይደለም። ከተማዋ ሕዝቧን እያጣች ነበር፤ ጥቁሮችን የሚያገል የቤት ፖሊሲ ነበር፤ የጥገናው ወጪ ከድሃ ተከራዮች ኪራይ እንዲሸፈን ስለተደረገ አሳንሰሩ ሲቆም፣ ቧንቧው ሲፈነዳ የሚጠግን ጠፋ። ሆኖም የሁለቱ ቤተሰብ ደረጃ ንጹሕ መሆኑና የ150ው መግቢያ መበላሸቱ በዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በዚያው ድህነት ውስጥ የታየ ልዩነት ነው። ሰው «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚቆጣበት ቦታ ልክ አለው። ከዚያ ልክ ሲያልፍ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እኛ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለብን። ኮንዶሚኒየም የገባነው በዕጣ ነው። የአንድ ብሎክ ሰው ከአሥራ ምናምን ሰፈር የተሰበሰበ ነው፤ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የቡና ጠጪው ጎረቤት የቀድሞው ሰፈር ቀርቷል። ግማሹ ተከራይ ስለሆነ በዓመት በሁለት ዓመት ይለዋወጣል። እንዲህ ዓይነት ነዋሪ ከሌላው የበለጠ የሚያገናኘው ቦታ ያስፈልገው ነበር። አራት ብሎክ ፊት ለፊት ተያይቶ አንድ ግቢ ቢከብ፣ መግቢያው አንድ ቢሆን፣ ምድር ቤት ያሉ መስኮቶች ወደዚያ ግቢ ቢያዩ፣ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉም ሰው የሁሉንም ልጅ ይለይ ነበር። የሆነው ግን በብዙ ሳይቶች ብሎኮቹ ጀርባና ሆድ ሆነው፣ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ሜዳ ተትቶ ነው። ሜዳው ቀን አቧራ፣ ማታ ጨለማ ነው። ለጋራ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኮሚናልም ብዙ ቦታ ወይ ተቆልፏል፣ ወይ ለመጋዘን ተከራይቷል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው የጋራውን እንዲያስተዳድሩ ያደርጋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ማኅበር ሊጠብቀው የማይችል ሰፊ ሜዳ ነድፎ አስረክቦ «አስተዳድሩ» ማለት ሸክሙን ለነዋሪው ጥሎ መሄድ ነው።

ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ስንል ደግሞ ግንቡ ይጠብቀናል። ባለ ቪላው ሦስት ሜትር ግንብ ያቆማል፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም የምላጭ ሽቦ ይደረድራል፤ በሩን ድፍን ላሜራ ያደርገዋል። ጎረቤቱም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ግራና ቀኙ ግንብ የሆነ ሁለት መቶ ሜትር መንገድ ይፈጠራል። በዚያ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ብትያዝ ከግንቡ ጀርባ ሃያ ቤተሰብ እራት እየበላ ማንም አያያትም። ለባለቤቱ ለራሱም ቢሆን ግንቡ የታሰበውን ያህል አይጠቅምም። ሌባው አንዴ ዘሎ ከገባ ግንቡ የሚከልለው እሱን ነው፤ በተረጋጋ መንፈስ መስኮት ሲፈለቅቅ ከመንገድ የሚያየው የለም። የግንቡ የታችኛው ክፍል እስከ ወገብ ሆኖ ከላይ ብረት ፍርግርግ ቢሆን ቤቱ ከመንገድ፣ መንገዱም ከቤቱ ይታያል። «ያለኝን ንብረት ለሌባ ላሳይ?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ። መጋረጃ ለዚያ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ማንም ሳይመክረው የሠራው ነው፤ አጥሩን አፍርሶ ወደ መንገድ የሚከፈት አነስተኛ ሱቅ፣ ፀጉር ቤት፣ ጀበና ቡና ማድረግ። ኪራይ ያስገኛል፤ መንገዱም ሰው ይኖረዋል። ይህንን በሕገወጥነት ከማሳደድ መስፈርት አውጥቶ ማበረታታት ይገባ ነበር።

የእግረኛ ድልድዮችም የሚያሳዝኑኝ ናቸው። የቀለበት መንገዱን ለመሻገር የተሠሩት ድልድዮች ለመኪና አደጋ መፍትሔ ናቸው። ነገር ግን ጎናቸው በማስታወቂያ ሸራ ሲሸፈን በላይ የሚሄደው ሰው ከታች ለሚያልፈው ሁሉ ይሰወራል፤ መግቢያው ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ቢቆምበት መውጫ የለም። ከመሸ በኋላ ሰው ድልድዩን ትቶ በአጥሩ ሾልኮ በመኪና መካከል የሚሮጠው ሞኝ ሆኖ አይደለም። መኪናው ቢያንስ ይታየዋል። በቀላል ባቡሩ ድልድዮች ሥር ያለውም ቦታ እንዲሁ ነው፤ መብራትና አነስተኛ ንግድ ቢገባበት የሚፈራ አይሆንም ነበር።

የኮሪደር ልማቱን በተመለከተ የማመሰግነውን ላመስግን። እግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል፣ መቀመጫ ተደርጓል። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ በቦሌም በኩል ምሽት ላይ ቤተሰብ ልጅ ይዞ ሲንሸራሸር ማየት ያስደስታል፤ ሰው ባለበት ቦታ ሌላ ሰው ይመጣል። ይሁንና ከደመቀው አስፋልት አንድ መቶ ሜትር ወደ ውስጥ ግቡ። ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ እንደ ድሮው ነው፤ አንዳንዱም ከድሮው ብሷል። ቤቶቹ ፈርሰው ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ለወራት ይቆያል፤ የቀሩት ጥቂት ነዋሪዎች በዚያ አጥር ጥግ ጥግ ያልፋሉ። ሊስትሮውም፣ በቆሎ ጠባሿም፣ ሱቅ በደረቴውም ተነስተዋል። ሰው የሚኖረው ኮሪደሩ ላይ አይደለም፤ ከኮሪደሩ ወርዶ ወደ ቤቱ የሚገባው በዚያ በቆርቆሮው ጥግ ነው። የሚዘረፈውም እዚያ ነው።

መብራት ብቻውን ተአምር አይሠራም የሚሉ አሉ። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ ሙከራ ግን ልብ የሚነካ ውጤት አሳይቷል። ወንጀል ከበዛባቸው የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች መካከል የተወሰኑት በዕጣ ተመርጠው በውጭ በኩል ኃይለኛ የመብራት ማማዎች ተተከሉላቸው፤ የቀሩት እንደነበሩ ቆዩ። መብራት ባገኙት ሰፈሮች በሌሊት ውጭ የሚፈጸሙ ከባድ ወንጀሎች በ36 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ሰዎቹ አልተቀየሩም፤ ሰፈራቸው ብቻ በራ።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ የደቡብ አፍሪካው የካዬሊትሻ ሥራ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ካዬሊትሻ ከኬፕታውን ወጣ ብሎ ያለ፣ ብዙ ቆርቆሮ ቤት ያለበት ሰፊ የድሆች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ከተማው በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ሁከትን በከተማ ማሻሻል ለመከላከል አንድ ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ ያደረጉት ነዋሪውን መጠየቅ ነው፦ የት ትዘረፋላችሁ? የት ትፈራላችሁ? ከዚያ ሰዎች ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄዱበትን የእግር መንገድ ተከትለው አነጠፉት፣ አበሩት። በመንገዱ ላይም በተወሰነ ርቀት ከሩቅ የሚታዩ ትንንሽ ፎቅ ቤቶች ሠሩ፤ ውስጣቸው የሰፈር አገልግሎትና ሥራ አለ፣ መብራታቸው አይጠፋም፣ የሚጠብቃቸውም ሰው እዚያው ያድራል። መንገደኛ ከአንዱ ሲወጣ የሚቀጥለው ይታየዋል።

በዚያው በካዬሊትሻ ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሴቶች አንፃር አስደንጋጭ ነው። አጥኚዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ስሌት የሽንት ቤቶቹ ቁጥር ከ5,600 ወደ 11,300 ቢያድግ ሴቶች ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ የሚደርስባቸው የወሲብ ጥቃት በ30 በመቶ ገደማ ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሌሊት ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት የበለጠ ትጋለጣለች። የጋራ ሽንት ቤታቸው ከግቢው ጓሮ የሆነባቸው፣ ከመሸ በኋላ ውኃ መጠጣት የሚያቆሙ እናቶችና እህቶች በከተማችን ዛሬም አሉ። ሽንት ቤትን የጤና ጉዳይ ብቻ አድርገን ማየታችን ይህን ሰውሮብናል።

ሁለት ተቃውሞ ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛው «ሌባ እዚህ ቢከለከል እዚያ ይሄዳል» የሚለው ነው። ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት 102 ግምገማዎችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር፤ ወንጀሉ ወደ ሌላ ቦታ መሄዱ የታየው ከተመረመሩት ሁኔታዎች በ26 በመቶው ብቻ ነው። በ27 በመቶው ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል፤ ጥቅሙ ምንም ወዳልተሠራበት ጎረቤት ሰፈር ተሻግሯል። አብዛኛው ዝርፊያ በአጋጣሚ የተመቸ ነገር ሲገኝ የሚፈጸም ነው፤ የተመቸው ነገር ሲጠፋ ሁሉም ዘራፊ ከተማውን አቋርጦ ሌላ አይፈልግም። የከተማው አስተዳደርም ይህን ያምናል፤ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን የገደበው ዝርፊያ ይፈጸምባቸዋል በሚል ምክንያት ነበር። ብዙ ወጣት እንጀራውን አጥቶበት ለሞተር የተደረገው ጥንቃቄ ለጨለማ መታጠፊያ ለምን አይደረግም?

ሁለተኛው «ካሜራ ይተከል» የሚለው ነው። ካሜራ ይጠቅማል፤ በተለይ መኪና ማቆሚያ ላይ ጥሩ ውጤት እንዳለው ታይቷል። ግን ለተዘረፈችው ልጅ ካሜራ ከጅቡ በኋላ የጮኸ ውሻ ነው። ምስሉን የሚያየው ሰው ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ «ተው አንተ!» የሚል ድምፅ የለውም። መስኮት የሌለውን ግድግዳ በካሜራ ከመሸፈን መጀመሪያውኑ መስኮት ማውጣት ይቀላል።

ሥራ አጥነቱና የኑሮ ውድነቱ ሰውን ወደ ሌብነት እንደሚገፋ ማንም አይክድም፤ የሕንፃ ንድፍ ለሥራ ፈላጊው እንጀራ አያቀርብም። ነገር ግን ድህነት እስኪጠፋ ድረስ ልጃገረዶች በጨለማ ይመላለሱ የሚል ሰው ካለ አልስማማም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ስለ መዋቅሩ ጥንካሬ፣ ስለ እሳት አደጋ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያ ደንግጓል። ሕንፃው በዙሪያው ያለውን መንገድ ይጠብቃል ወይስ ያጋልጣል የሚለው ጥያቄም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ አብሮ ይጠየቅ። ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ የማንኛውም አዲስ መኖሪያ ቤት በርና መስኮት ለሌባ የማይበገር እንዲሆን በሕግ አስገድዳለች። በኋላ የተደረገ ጥናት በአዲሶቹ ቤቶች ላይ የሚፈጸም ስርቆት በ26 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ብሪታንያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ፖሊስ ከነዳፊዎች ጋር ተቀምጦ የሚመክርበትና መስፈርቱን ላሟላ ግንባታ ዕውቅና የሚሰጥበት አሠራር አለ። የእኛ ፖሊስ ጣቢያዎች የትኛው መታጠፊያ ላይ ስንት ሰው እንደተዘረፈ በመዝገባቸው አላቸው። ያ መዝገብ የተዘራፊው ስም ተሰርዞ በየዓመቱ ለፕላን መሥሪያ ቤቱ ይሰጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባላትም ንድፉ ሳይጸድቅ ይጠየቁ፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ የሚሰጡት ምክር ግድግዳ አያፈርስም።

ጉልቶቹን በተመለከተ ቦታ ተለክቶ ይሰጣቸው። በታክሲ መውረጃ፣ በድልድይ ሥርና በመታጠፊያ ላይ አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ጥላ ያለው መደብ፣ መብራትና ውኃ ያለው፣ እግረኛውን የማያጨናንቅ። ግብር ይከፍላሉ፤ ጽዳቱንም ይይዛሉ። በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ ደግሞ ግንባታው እስኪጀመር ድረስ አጥሩ ከእግረኛ መንገዱ ራቅ ይበል፣ በየሃያ ሜትሩ መብራት ይኑረው፤ ወጪውም በአልሚው ላይ ይሁን።

ለመጀመር አንድ ሳይት ይበቃል። ከትላልቆቹ የኮንዶሚኒየም ሳይቶች አንዱ ይመረጥና በማታ የሚማሩት፣ በፈረቃ የሚሠሩት ሴቶችና ጉልት ቸርቻሪዎቹ ከነዳፊው ጋር ሳይቱን በእግራቸው ከመሸ በኋላ ይዙሩት። የሚፈሩበትን ቦታ አንድ በአንድ ያሳዩት። የደረጃው መብራት፣ የኮሚናሉ በር፣ የሜዳው አጥር በዚያ መሠረት ይስተካከል። ከዚያም ከሥራው በፊት ያለውን የአንድ ዓመት የፖሊስ መዝገብ ከሥራው በኋላ ካለው ጋር አነጻጽሮ፣ ውጤቱ ያምርም አያምርም፣ አስተዳደሩ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ።